ያላለቀሰችበት ከተማ

ብርቅነሽ አገሯን በደንብ ታውቃለች፤ የምታውቀው ግን በለቅሶ ነው። ደሴን ያየችው አጎቷ ሲሞት፣ ነቀምትን የባሏ የአክስት ልጅ ሲሞት፣ ፍቼን አማቷ ሲያርፉ ነው። ደብረ ብርሃንማ ስንት ጊዜ እንደሄደች እሷም ረስታዋለች፤ የአባቷ ወገን ተራ በተራ ያለቀው እዚያ ነው። የአንድ ከተማ ስም ሲነሳ ሌላው ሰው አየሩን ወይ ምግቡን ያስታውሳል። እሷ የምታስታውሰው ድንኳኑ ያፈስ እንደነበርና ንፍሮው በስሎ እንደሆነ ነው።

ይሄን የሰማ ሁሉ ከንፈሩን እንዳይመጥላት። ጉለሌ ውስጥ እንደ እሷ ያለች ሴት በየበሩ አለች። ሠርግ ሲሆን ወጪው ይታሰባል፣ ልብሱ ይታሰባል፣ በመጨረሻ ይቀራል። ለቅሶ ግን አይቀርም። ስልክ ይደወላል፣ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ናቸው።

ሥራዋ ነጠላና ጋቢ መቋጨት ነው። ሸማኔው ሠርቶ ያወረደውን ሽሮ ሜዳ ካሉት ሱቆች ታመጣና በረንዳዋ ላይ ቁጭ ብላ ጫፉን ክር በክር እየጠመዘዘች ትቋጫለች። እጇን አታየውም። ከጎረቤት ጋር ስታወራ፣ ሬዲዮ ስትሰማ፣ ባሏን ስትቆጣ፣ እጇ ብቻውን ሥራውን ይሠራል።

ዘንድሮ ክረምት ግን እጇ እምቢ አለ። ሁለት ክር ቋጭታ ትነሳለች። በር ድረስ ትሄዳለች፣ ጉም የዋጠውን እንጦጦን ቀና ብላ ታያለች፣ ትመለሳለች፤ ተመልሳ ትቀመጥና ደግሞ ትነሳለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እሷ ውስጥ የሆነ ነገር አብሮ የሚደበደብ ይመስላታል። ባሏ ጀቤሳ የትምህርት ቤት ሰርቪስ ሹፌር ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እረፍት ይወጣል፤ እረፍት ማለት ለእሱ ጋቢ ተከናንቦ ሶፋ ላይ መተኛት ነው።

«ብርቄ፣ ቁጭ በይ እንጂ። አዞርሽኝ እኮ!» አላት አንድ ቀን ከጋቢው ውስጥ።

«መሄድ እፈልጋለሁ።»

«የት?»

«አላውቅም። ማንም ያልሞተበት ቦታ።»

ጀቤሳ ከጋቢው ብቅ ብሎ አያት። ቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው።

ነገሩ የጀመረው አምና፣ እህቷ ሰርካለም የሞተች ጊዜ ነው። ሰርካለም ሐዋሳ ነበር ያገባችው። በደወለች ቁጥር «ነይ ሐይቁን ላሳይሽ፤ ማታ ማታ ቀለሙ ሲለዋወጥ እኮ!» ትላት ነበር። ብርቅነሽም በደወለች ቁጥር «ክረምቱ ይውጣ፣ በዓሉ ይለፍ፣ ሥራው ጋብ ይበል» ትላታለች። በመጨረሻ ሄደች፤ ለቀብር ሄደች። ሐይቁ ከቤቱ ጀርባ ነው አሏት። ሠልስቱ እስኪወጣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ሐይቁን አላየችውም። ስትመለስ ደግሞ አውቶብሱ ዝዋይ አካባቢ ሲደርስ አንዲት ሕፃን «ማሚ ሐይቅ!» ብላ ጮኸች። ብርቅነሽ ነጠላዋን ከፊቷ ገልጣ እስክትዞር የሚታየው የቲማቲም እርሻ ብቻ ሆነ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ልቧ አልቀመጥ ያለው። ሐይቅ ሳላይ ልሞት ነው የሚል ሐሳብ ገብቶባት አልወጣ አለ። ሞኝነት መሆኑን ታውቀዋለች፤ ማወቋ ግን አላስተኛትም።

ልጃቸው ሃዊ ሸጎሌ አካባቢ ነው የምትኖረው፤ ጉዳዩን ስትሰማ ደስ ብሏት ስልኳን ይዛ መጣች። ከእናትና አባቷ መሃል ተቀምጣ ፎቶ ታሳያቸው ጀመር። ላንጋኖ ዳር ያለ ሪዞርት አሳየቻቸው። አንድ ሰውዬ ጃንጥላ ሥር ተጋድሞ ጁስ ይጠጣል።

«ፀሐይ ከሸሸ ቤቱ አይተኛም ነበር?» አለች ብርቅነሽ።

«እማዬ፣ መዝናናት ነው እኮ!»

ዋጋውን ስትነግራቸው ጀቤሳ ሳል ያዘው። ሃዊ ቶሎ ብላ አርባ ምንጭን አመጣች። አርባ ምንጭ አምሯል፤ ግን ሩቅ ነው፣ የጀቤሳ ወገብ ያን ያህል መቀመጥ የሚችለው ራሱ ሲነዳ ብቻ ነው። ቢሾፍቱ ቅርብ ነው፤ ቢሾፍቱ ግን የብርቅነሽ ክርስትና ልጅ በመኪና አደጋ የሞተበት ነው። ሐዋሳን ማንም ስሙን አልጠራም።

«ዓምቦ እንሂድ» አለ ጀቤሳ በመጨረሻ። «ፍልውሃው አለ። ደግሞ እህቴ እያለች ሆቴል ምን ያደርግልናል? ወጪ የለ፣ ምን የለ።»

«እህትህ ቤት ሄጄ ሽንኩርት ልልጥ ነው? እሷ ‹ተይ ተቀመጪ› ትለኛለች፤ እኔ ‹ኧረ ልርዳሽ› እላለሁ፤ ከዚያ ማድቤት ገብቼ እወጣለሁ። ይሄ ነው ሽርሽሩ?»

«አልፈናት ሆቴል ከገባን ደግሞ ትቀየመናለች።»

«እሱን ነው የምልህ! ዘመድ የሌለበት ይሁን። የሞተም፣ ያለም።»

የቸገረው ይሄ ነው። ዋጋው የሚቀመስ ከተማ ሁሉ ወይ ዘመድ አለበት፣ ወይ መቃብር አለበት። አባትና ልጅ የከተማ ስም እየጠሩ፣ ብርቅነሽ ሙታን እየጠራች አመሹ። ሃዊ ሰልችቷት ስልኳን ዘጋች።

«ዝዋይስ?» አለ ጀቤሳ ድንገት።

ብርቅነሽ ሙታኖቿን አንድ በአንድ ቆጠረች። ብታስብ፣ ብታስብ ማንም አልመጣላትም።

«ባቱ ማለቴ ነው፤ አሁን ስሙ ባቱ ነው» ብሎ ራሱን አረመ። «ልጆቹን ለጉብኝት ወስጃቸው አውቃለሁ። ዓሣው ርካሽ ነው፣ ፔንሲዮኑም ንጹሕ ነው። ሐይቁ በእግር ይደረሳል። ጠዋት ተነስተን ለምሳ እንደርሳለን።»

«ያንተ ሰው የለም?»

«ጎማ የሠራልኝ ጎሚስታ አለ። እሱም ስሜን አያውቀውም።»

ተቆረጠ። ፍልሰታ ሲፈታ ሊሄዱ ተስማሙ። የብርቅነሽ መቁነጥነጥ ግን ባሰበት እንጂ አልቀነሰም። ጾሙን ሙሉ ቦርሳዋን አዘጋጅታ ታፈርሰዋለች። ማታ ዜናው ላይ ጎርፍ ሲባል ከጀቤሳ ቀድማ ትሰማለች። ስልክ በጠራ ቁጥር ትበረግጋለች፤ ደግሞ ማን ሞተ? በዚህ ሳምንት እንኳ ማንም አይሙት ብላ ኪዳነ ምሕረትን ለምናለች። በስለት መልክ አቅርባው ኋላ ብታፍርበትም፣ ልመናዋን አላነሳችም።

ከሁሉ የከበዳት ግን ለጎረቤቷ ለእትዬ ጸሐይ አለመንገሯ ነው። እትዬ ጸሐይ ማለት የግቢ አጥሯን ብቻ ሳይሆን ስንት ለቅሶና ስንት ወሊድ የተካፈለቻት ሴት ናት። ግን ምን ትበላት? ስድሳ ሊሞላት ነው፤ ሰፈሩ በጎርፍና በኑሮ ውድነት ሲማረር ዓይኗን በጨው አጥባ ‹ከባሌ ጋር ሽርሽር ልሄድ ነው› ትበል? ቅብጠት ይመስላል። ሄዳ ስትመለስ ዓሣ ይዛላት ትመጣለች፣ ያኔ ትነግራታለች። እንዲህ ብላ ራሷን ሸነገለች።

የሚሄዱ ዕለት ጠዋት ካፊያ ነበር። ብርቅነሽ የጋዝ ሲሊንደሩን መዝጋቷን አየች፣ ተመልሳ አየች። ጀቤሳ ቦርሳውን አንጠልጥሎ በር ላይ «ነይ እንጂ!» ይላታል። ነጠላዋን ከምስማሩ አውርዳ እየሮጠች ለበሰች። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ብርቅነሽ ጎህ ሲቀድ ነጠላ ለብሳ፣ ቦርሳ ይዛ ከቤቷ የወጣችው ሁልጊዜ ለቅሶ ልትሄድ ነው። እጇም እንደለመደው አደረገ፤ ጥለቱን ወደ ላይ፣ አገጯ ሥር አድርጎ፣ ነጠላውን ልክ እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቆ አለበሳት። እሷ ስለ ሲሊንደሩ እያሰበች ነበር።

ባለሱቁ ፈሀድ መዝጊያውን ሲከፍት አያቸው። ሌላ ጊዜ «እንዴት አደራችሁ!» ብሎ የሚጮህ ሰው፣ ዛሬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ። እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው አለች ብርቅነሽ በልቧ። ታክሲ ውስጥ አንድ ወጣት ተነስቶ አስቀመጣት። ቃሊቲ መናኸሪያ ረዳቱ ቦርሳቸውን ራሱ ተቀብሎ ጫነላቸው፤ ተጨማሪ ክፈሉም አላላቸው። አውቶብሱ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴትዮ ደግሞ ጉልበቷን ዳሰስ አድርጋ «አይዞሽ» አለቻት። መኪና የምፈራ መስያት ይሆናል ብላ ፈገግ አለችላት። ሽርሽር የወጣ ሰው እንዲህ የሚከበር ከሆነ ሀብታሞች ሁልጊዜ የሚሄዱት ወደው አይደለም ብላ አሰበች።

ሞጆን እንዳለፉ ስልኳ ጠራ። እትዬ ጸሐይ ናት፤ ታለቅሳለች።

«ብርቅነሽ! ማን ነው? እባክሽ ንገሪኝ፣ ማን ነው?»

«ማን ምን?»

«አትደብቂኝ! ፈሀድ አይቶሻል፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነው የወጣችው አለን። ሰዉ ሁሉ ደጃችሁ ላይ ዝናብ እየመታው ነው። የእድሩ ሊቀመንበር ድንኳን እናውጣ ወይ እያለ ይጠይቀኛል፣ ምን ልበለው? ሃዊም ስልክ አታነሳም። ልጅቷ ናት እንዴ? በማርያም ንገሪኝ፣ ልጅቷ ናት?»

ብርቅነሽ ቁልቁል አየች። ጥለቱ አገጯ ሥር ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት። ስልኩን በእጇ ከድና ወደ ባሏ ዞረች።

«አላየኸኝም?»

«ምኑን?»

«ነጠላዬን!»

ጀቤሳ አያት። «አየሁት» አለ ግራ ገብቶት። «መንገድ ስትወጪ ሁሌም እንደዚህ አይደል እንዴ የምትለብሺው?»

ይሄ ቃል ከእትዬ ጸሐይ ለቅሶ ይልቅ ከበዳት። አብረው የኖሩትን ዘመን ሁሉ፣ ይሄ ሰው ቦርሳ ይዛ ሌላ መልክ ኖሯት አይቷት አያውቅም።

ጀቤሳ ጉዳዩ ሲገባው ጆሮዋ ሥር ተጠግቶ «የእኔ የሩቅ ዘመድ ሞተ በያት፤ በቃ። ስንመለስ ሰዉ ያጽናናናል፣ ያልፋል» አላት።

ቀላል ነበር። አንድ ቃል ነው። እንዲያውም ክብር አለው፤ ማንም አይስቅባትም። ሊወጣ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያን ቃል ካለች ዝዋይም ሬሳ ሊገባባት ነው። ተመልሳ ቤቷ ፍራሽ አንጥፋ፣ ላልሞተ ሰው «እግዜር ያጥናችሁ» ልትባል ነው። ይቺም ከተማ ከሌሎቹ ጋር ልትደመር ነው።

«ማንም አልሞተም፣ እትዬ ጸሐይ» አለች፤ ድምጿ ከፍ ስላለ ከፊት የተቀመጡት ዞሩ። «ሃዊም ደህና ናት፤ ሥራ ላይ ሆና ነው። እኛ ዝዋይ ልንሄድ ነው። ሐይቅ።»

በስልኩ ውስጥ ዝናቡና የሰዉ ጉርምርምታ ይሰማል።

«ሐይቅ?» አለች እትዬ ጸሐይ። «ምን ልታደርጉ?»

«ልናየው።»

«አይታችሁትስ?»

«ዓሣ በልተን እንመለሳለን።»

እትዬ ጸሐይ ወደ ሰዉ ዞራ «ማንም አልሞተም! ሐይቅ ሊያዩ ነው!» ስትል ተሰማ። አንዱ ሳቀ። አንዱ «ተመስገን» አለ። የሆነች ሴት «ለዚህ ነው እንዴ ከእንቅልፌ የቀሰቀሳችሁኝ?» አለች። ከዚያ እትዬ ጸሐይ ወደ ስልኩ ተመለሰች፤ አሁን ለቅሶው ሄዶ ቁጣው መጥቷል።

«እኔን ደበቅሽኝ?»

«አፍሬ ነው፣ እትዬ።»

«ለሐዘንሽ ስትጠሪኝ አታፍሪም። ለደስታሽ ነው የምታፍሪኝ?»

ብርቅነሽ አፍንጫዋን ሳበች።

«በይ አሁን ነጠላሽን ገልብጪ» አለች እትዬ ጸሐይ፤ ቁጣዋ በረድ ብሎ። «እንዲህ ሆነሽ ሐይቅ ዳር ብትቆሚ ሰው ሰጠመባት ብለው ዋናተኛ ነው የሚጠሩልሽ። ደግሞ ዓሣውን በረዶ ውስጥ አድርገሽ አምጪ።»

ብርቅነሽ ነጠላውን አውልቃ ዘረጋችው። አጠገቧ ያለችው ሴትዮ ነገሩን ሁሉ ሰምታለች፤ እየሳቀች አንዱን ጫፍ ያዘችላት። ጥለቱ ወደ ታች ዞረ።

ዝዋይ ሲደርሱ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጀቤሳ ፔንሲዮን ገብተን ትንሽ ጎናችንን እናሳርፍ አለ፤ እሷ ግን ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ቀድማ ሄደች። ሐይቁ ሃዊ እንዳሳየቻቸው ፎቶ ሰማያዊ አይደለም፤ የክረምት ጎርፍ ገብቶበት ቡናማ ሆኗል። ዓሣ አጥማጆች ጀልባ ላይ ይጯጯሃሉ። መላጣዎቹ አባ ኮዳ ወፎች የዓሣ ሆድ ዕቃ ይሻማሉ። ጠረኑ ጥሩ አይደለም። ብርቅነሽ ውሃው ጫፍ ድረስ ሄዳ ቆመች። ደመናው ሲከፈት ከመሃል አካባቢ ውሃው ቀለሙን ለወጠ፣ ደግሞ ለወጠ። ሰርካለም ያለቻት ይሄን ነበር።

እንባዋ መጣ። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ልትስብ እጇ ተነሳ፤ እሷ ግን መለሰችው። ፊቷን እንደተገለጠ ተወችው፣ እንባው ዝም ብሎ ይወርዳል።

ጀቤሳ ከኋላዋ ሲደርስ ደነገጠ።

«ምነው ብርቄ? ማንም ያልሞተበት ቦታ አመጣሁሽ እኮ! ደግሞ አሁን ምን ያስለቅስሻል?»

«እያየሁት ነዋ» አለችው።