ያለ ስኳር የቀመስነው ሻይ

ለቡ መብራት ኃይል በምኖርበት ኮንዶሚኒየም፣ በራቸው ከበሬ ትይዩ የሆነው ሽማግሌ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሥራቸው ሻይ መቅመስ ነበር። ባለፈው ክረምት ጉንፋን ክፉኛ ከጣላቸው ወዲህ ግን ምላሳቸውን ማመን አቅቷቸዋል። ይህን የነገሩኝ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቆመን ትንፋሽ ስንሰበስብ ነው። የቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው፣ የሻይ እርሻው፣ ከአዲሱ ምርት ናሙና ልኮላቸዋል። ፍርዳቸው ካማረ ወደ ሥራ ሊመልሳቸው ነው።

«አንተ ያገኘኸውን እንጂ ሰው ደስ እንዲለው ብለህ አትጽፍም። ቅዳሜ ና፣ አብረን እንቅመስ» አሉኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። ሥራዬ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው፤ ጠዋቱን ሙሉ ስብሰባ ላይ የሰው ንግግር ስጽፍ ስለነበር እጄም ጆሮዬም ዝሏል። ባለቤታቸው የፈላ ውኃ በፔርሙዝ አቀረቡ። ጋሼ ጥቁሩን ጥምዝምዝ ቅጠል በማንኪያ ለክተው ነጭ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጨመሩ፤ ውኃ ቀዱበትና ሰዓታቸውን አዩ። እጄ ሳላዘው ወደ ስኳሩ ሄደ።

«ተው አንተ! ስኳር ያማረው ከረሜላ ይግዛ!»

የመጀመሪያው ስኒ ቀይ፣ ጠንካራ፣ ምላስን ጭምድድ የሚያደርግ ነበር። ከኋላው ግን ቅርንፉድ አለ። ደግሜ ቀመስኩ፤ አለ። ያንኑ ቅጠል እንደገና ውኃ ቀዱበት። ሁለተኛው ለስለስ ብሎ የራሱን ጣፋጭነት አወጣ፤ ቅርንፉዱ ግን አልለቀቀም። ጋሼ በማንኪያ እየጨለፉ፣ አየር እየሳቡ ፉት አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከዚያ ያገኙትን ጻፉ፤ እኔም የእኔን ጻፍኩ።

ወረቀት ተለዋወጥን። የእሳቸው «ጠረኑ ንጹሕ፤ ባዕድ ሽታ የለውም» ይላል። የእኔ ግን «ቅርንፉድ አለው» ይላል፤ መልሼ ልቀበላቸው ዳዳኝ። ደክሞኝ ነበር፣ ማስረዳት አልፈለግሁም። እሳቸው ግን አንብበው ነበር።

«አንቺ!» ብለው ወደ ጓዳ ተጣሩ። «ውኃውን በየትኛው ፔርሙዝ ነው ያመጣሽው?»

«በሻዩ ነዋ! ሌላ የት አለን? አጥቤዋለሁ ደግሞ!»

እንደ ማንኛችንም ቤት፣ በዚያ ፔርሙዝ በየጠዋቱ ቅርንፉድና ቀረፋ ያለበት ሻይ ይሞላል። ሽታው ክዳኑ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ጋሼ ክዳኑን ከፍተው አፍንጫቸውን ረዘም ላለ ጊዜ አስጠጉ።

«ይሸታል?» አሉኝ።

«ይሸታል፣ ጋሼ።»

ስልካቸውን አነሱና ወደ እርሻው ደወሉ። «ሻዩን ሌላ ሰው ይቅመሰው» አሉ። «የለም፣ ሻዩ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ።» ድምፃቸው አልተለወጠም። ባለቤታቸው ጓዳው በር ላይ ፎጣ ይዘው እንደቆሙ ቀሩ።

ከዚያ በድስት ሌላ ውኃ አስፈልተው፣ በዚያው ቅጠል ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ቀዱ። ስኒውን ለእኔ ብቻ ሰጡኝ።

«ንገረኝ።»

«ሳስቷል። መራራነቱ ሄዷል። ቅርንፉድም የለም። እንደ… እንደ እርጥብ እንጨት ነገር።»

«እንጨት ብሎ ነገር የለም! አትቸኩል። ከምላስህ ጫፍ ጀምር።»