እንግዳ የማይጠየቅበት ቤት

የሐይቅ ዓሣ ሽታ ከሩቅ ይታወቀኛል። ባለፈው ቅዳሜ የኮምቦልቻ ሙቀት በርትቶ ሰው ሁሉ ጥላ ጥላውን ይዞ በተቀመጠበት ሰዓት፣ አንድ ዓሣ ሻጭ የግቢያችንን የብረት በር ሲያንኳኳ፣ ገና መልኩን ሳላይ በበሩ ሥር ሾልኮ በገባው ሽታ ብቻ ከየት እንደመጣ አወቅሁ። የፊላ፣ የጭቃና የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ነው፤ ሌላ ቦታ አሽትቼው አላውቅም። የልጄ ልጅ፣ ገና ስድስት ዓመት ያልሞላው፣ ቀድሞኝ ሮጠና በሩን ሳይከፍት፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ «ማነህ? ምን ፈልገህ ነው?» አለው። እናቱ ከጓዳ ሰምታ ሳቀች፤ «ጎበዝ የኔ ልጅ፣ እንዲህ ነው እንጂ» አለችው። አልተሳሳተችም፤ ዘመኑ ነው፣ ዛሬ በር ሳይጠየቅ አይከፈትም። እኔ ግን ከበርጩማዬ ልነሣ ያልኩት ሴትዮ ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ያችን ጥያቄ ልጅ ሆኜ ከአንድ ሰው አፍ ሰምቻታለሁ፤ ከዚያ አፍ ትወጣለች ብሎ የሚያምን ሰው በአገሩ ሁሉ አልነበረም።

ያ ሰው አያቴ ነበሩ፤ አባባ ይመር። ቤታቸው ከሐይቁ ዳር፣ ውሃው ሲሞላ ደጁን የሚልስበት ቦታ ላይ ነበር። ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴ ከምትሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ ትጠይቃለች፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ታስጽፋለች፣ ከራሽኑ ስኳር ቀንሳ የደበቀችውን በጨርቅ ትቋጥራለች፣ ከዚያ እኔን በአንድ እጅ ስኳሩን በሌላው ይዛ አውቶቡስ ላይ ትወጣለች። አውቶቡሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ እኔም አብሬው አቃስታለሁ፤ ደሴ የምንደርሰው ሁልጊዜ እኔ አስታውኬ፣ እናቴ ለጎን ተሳፋሪዎች ይቅርታ ጠይቃ፣ ጉሙም ከጦሳ ተራራ ወርዶ አስፋልቱን ከሸፈነው በኋላ ነው። ለእኔ ደሴ ማለት ብርድና ትኩስ የተቀቀለ ድንች ነበረች። በኮምቦልቻ ስስ ቀሚሴ እየተንቀጠቀጥኩ ድንቼን እልጣለሁ፤ እናቴ ሳሙናና ክብሪት ትገዛለች፤ ከዚያ የሐይቅ መኪና እንይዛለን። ቁልቁለቱን ወርደን፣ መንገዱ ታጥፎ፣ ያ ውሃ በድንገት ከፊታችን ዝርግት ሲል፣ እናቴ ዓመቱን ሙሉ የያዘችውን ትንፋሽ እዚያ ላይ ነበር የምትለቀው።

የቤቱ በር ወደ ሐይቁ የዞረ ነው፤ ሰው ካልተኛ በቀር አይዘጋም። አባባ ከበሩ ውስጥ ባለው መደብ ላይ መቁጠሪያቸውን፣ ተስቢሃቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ የሚያልፈውን ሁሉ «ይግቡ» ይሉታል፤ ውሻ ቢያልፍ እንኳ ሳይሉት የሚቀሩ አይመስለኝም። የገባ ሰው ደግሞ አይጠየቅም። «እንግዳ የአላህ ነው፤ የአላህን እንግዳ ምን ፈልገህ መጣህ አይሉትም» ይሉ ነበር። ስሙን ራሱ ካልተናገረ ስሙ አይጠየቅም፤ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ አይባልም። ሦስት ሌሊት አድሮ ጉዳዩን ራሱ ካላነሣው፣ በአራተኛው ቀን ቁርስ ከበላ በኋላ፣ «እንግዲህ በምን እንርዳዎ?» ይባላል። አንድ ጊዜ አንድ አህያ የሚነዳ ሰውዬ መጥቶ እንዲህ ሲስተናገድ ሰነበተና፣ በአራተኛው ቀን ሲጠየቅ ለካ የመጣው ከማዶ ላለው ጎረቤት ሠርግ ኖሯል፤ ቤቱን ተሳስቶ ነው። ሠርጉ አልፎ መልሱም ተበልቶ ነበር። አያቴ እምዬ ዘሐራ ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ «ባይሆን ስሙን ብንጠይቀው ምን ነበረበት» ሲሉ፣ አባባ «በልቶ መርቆናል፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብለው ነገሩን ይዘጉት ነበር።

ይህ ወግ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። እንግዳው ካልተጠየቀ እስላም ይሁን ክርስቲያን አይታወቅም፤ በእኛ አገር ስም ሃይማኖትን አይናገርም፣ ይመር የሚባል በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም አለ። እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፣ ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይነካም። መፍትሔው ከደጃፉ፣ ከሐይቁ ነበር። ዓሣ አይታረድም፤ አባባ በማለዳ በታንኳቸው ወጥተው ያመጡታል፣ እምዬ ይጠብሱታል፣ ያውም በቅቤ አይደለም፣ ምናልባት ጾመኛ ቢሆንስ ብለው በኑግ ዘይት ነው። የክርስቲያኑ ጎረቤታችን የአያ ተሰማ ቤተሰብና የእኛ ቤት ከአንድ ትሪ የምንበላው ይህንኑ ዓሣ ነበር። በድርቁ ዓመት፣ ከደጋ የወረደው ሰው በየመንገዱ ሲወድቅ እንኳ፣ ያ በር አልተዘጋም፤ ዓሣ ሲጠፋ ሙቅ ውሃ በጨው ቀርቧል። ለአባባ ከሀብት ሁሉ የቀረቻቸው ይህች በር ነበረች፤ የሚኮሩባትም እሷን ብቻ ነው።

እንግዲህ ነገሩ የሆነው ድርቁ ባለፈ በማግሥቱ ዓመት ክረምት ነው። ሐምሌ ነበር፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ከፊላው መሀል ውሃ ውስጥ ስንቦራጨቅ ውዬ፣ እምዬ ጎትተው አውጥተው ቆዳዬ እስኪቀላ ሲያሹኝ፣ ዝናቡን አቋርጦ አንድ ሰው መጣ። ካኪ ለብሷል፤ የቆዳ ቦርሳ አንጠልጥሏል፤ ጫማው በጭቃ ተለስኗል። አባባ ከመደባቸው ተነሥተው «ይግቡ፣ ይግቡ፣ ዝናብ እንዳይመታዎ» አሉት። እምዬ እኔን ትተው ውሃ አሙቀው፣ በልጃቸው ዕድሜ ያለውን ሰው እግሩን አጠቡት። ዓሣ ቀረበ። ደግ ሰው ነበር፤ እኔን የሚያመኝ ይህ ነው፣ መጥፎ ሰው አልነበረም። እሾሁን እየለቀመ ለእኔ ያጎርሰኝ ነበር።

በማግሥቱ መጠየቅ ጀመረ። እሱ ይጠይቃል፤ እኛ አንጠይቅም። ይህ ውሃ በክረምት እስከ የት ይደርሳል? ያ ኮረብታ ላይስ ውሃ ይተኛል? ከሐይቁ ዳር ስንት አባወራ አለ? አባባ ስለ አገራቸው የሚጠይቃቸው ሰው አግኝተው ደስታቸው ሌላ ነበር። ከዘራቸውን ይዘው ከፊት ከፊት፣ እሱ ቦርሳውን ይዞ ከኋላ፣ እኔ ደግሞ ጭራቸው ሆኜ ያን አገር ስንዞር ሰነበትን። ኮረብታው ላይ ወጥተው መሬቱን በከዘራቸው እየወጉ «ይህማ የፍየል መሰማሪያ ነው፤ ራሰ በራ ስለሆነ ጠብታ ውሃ አይተኛበትም» አሉት። የሁሉንም ቤት በጣታቸው አሳዩት፤ ያ የእገሌ፣ ይህ የእገሊት፣ ያ ጭስ የሚወጣበት የአያ ተሰማ። ሰውየው ቦርሳውን አልከፈተም፤ ብቻ ያዳምጣል።

በሁለተኛው ቀን ማታ፣ እንግዳው እጁን ሊታጠብ ሲወጣ፣ እናቴ ቀረብ ብላ «አባባ፣ ከተማ ስለምኖር አውቃቸዋለሁ፤ እንዲህ የለበሰ ሰው ያለ ጉዳይ አይመጣም» አለቻቸው። እምዬም ተቀበሏት፤ «ሁሉን ጠየቀን፣ እኛ ምንም አልጠየቅነውም። አላማረኝም ይመር። አንዲት ቃል ብቻ ልጠይቀው።» አባባ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ዕለትም አላደረጉም። «በአባቴ ቤት ያልተጠየቀ እንግዳ በእኔ ቤት አይጠየቅም። ከጠየቅሽው ይህ ቤት ቤቴ አይደለም» አሉ። እምዬ «ዋ! ብያለሁ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

በአራተኛው ቀን፣ ጥያቄው ከሚመጣበት ቁርስ በፊት፣ ሰውየው ማልዶ ተነሣ። የአባባን ትከሻ ሳመ፣ ለእኔ ከረሜላ ሰጠኝ፣ እምዬ የቋጠሩለትን ስንቅ ተቀብሎ ሄደ።

ክረምቱ ሳይወጣ የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ጠራ። ከዋርካው ሥር ወንበር ወጥቷል፤ ከሊቀመንበሩ ጎን የተቀመጠው የእኛ እንግዳ ነው። እኔ ሞኟ ሮጬ ልስመው ስል እናቴ ቀሚሴን ይዛ አስቀረችኝ። ብዙ ተናገረ፤ ልማት፣ ንጹሕ ውሃ፣ ትምህርት ቤት፣ መብራት አለ። ያልገባኝን እናቴ በኋላ ነገረችኝ፦ ከሐይቁ ዳር ተበታትኖ የሚኖረው ሁሉ መስከረም ሳይጠባ ቤቱን አፍርሶ፣ ኮረብታው ላይ በመደዳ ይሠራል። ቦታውን እንዴት እንደመረጡት ሲያስረዳ ወደ አባባ ዞሮ ፈገግ አለ፤ «እኚህ አባት ራሳቸው እንደመሰከሩልን፣ ኮረብታው ላይ ጠብታ ውሃ አይተኛም» አለ። ማመስገኑ ነበር። ሕዝቡ ሁሉ አባባን አየ። ከኋላቸው የተቀመጡት አያ ተሰማ፣ ስንት ዘመን ከአንድ ትሪ የበሉት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አያ ይመር፣ አብልተው አስበሉን» አሉ።

ትእዛዙ ከላይ የወረደ እንደሆነ፣ አባባ ባይናገሩ ሌላ ሰው ኮረብታውን እንደሚያሳይ፣ ባያሳይም እንደማይቀር ዛሬ አውቃለሁ። ያኔም እናቴ ደጋግማ ነግራቸዋለች። ነገር ግን ሰው ጥፋተኛ ሲፈልግ አዲስ አበባ ድረስ አይሄድም፤ ቅርቡ ያለውን ጎረቤቱን ነው የሚይዘው። አባባ ደግሞ ከሁሉ ቀድመው ራሳቸውን ያዙ።

ቤቱ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ በትእዛዙ ፈረሰ። ሣሩ ወረደ፣ ማገሩ ተነቀለ፣ ምሰሶው በስድስት ሰው ትከሻ፣ ጭቃው እየተረገጠ፣ ወጣ። እምዬ በእጃቸው የሠሩት የእህል ጎታ የጭቃ ነውና ካለበት ሲያነሡት ተፈረካከሰ፤ እሳቸውም ፍርስራሹ ላይ ተቀምጠው ሰው እንደሞተባቸው ሆነው አለቀሱ። በሩን አባባ ራሳቸው በጀርባቸው ተሸከሙት፤ ወጣቶቹ ሊቀበሏቸው ቢሉ እምቢ አሉ። ከኮረብታው ላይ ያ በር የተተከለው ከፊት ያለውን ቤት ጀርባ እንዲያይ ሆኖ ነው፤ መደዳው እንደዚያ ስለተለካ። ሐይቁን ለማየት ከማድቤቱ ኋላ መቆም ያስፈልጋል። የተባለው ውሃ አልመጣም፤ እምዬ በዚያ ዕድሜያቸው ቁልቁለቱን ወርደው በጀሪካን ይቀዱ ጀመር። ታንኳው ከፊላው መሀል በሰበሰ።

መንግሥት ሲለወጥ ሰዉ ማንም ሳያዘው ኮረብታውን በጥቂት ቀን አፍርሶ ወደ ታች ተመለሰ። እምዬ ምሰሷቸውን አስወርደው በድሮው ቦታ ላይ ቤት ቆሞ አይተው ሞቱ። ዛሬ እዚያ አካባቢ ሰው ከደሴም ከኮምቦልቻም እየመጣ ዓሣ ያስጠብሳል፤ እኔም ልጆቼን ይዤ ሄጃለሁ፣ ዓሣው ጥሩ ነው። መሬቱ ተመልሷል፣ ምሰሶው ተመልሷል፣ ሐይቁም ከስፍራው አልሄደም። ቅዳሜ ዕለት ለዓሣ ሻጩ በሩን ከፍቼ «ግባ ልጄ፣ አረፍ በልና ውሃ ጠጣ» ስለው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ «የለም እማማ፣ እዚሁ ይሻለኛል» አለኝ። ፈራኝ መሰለኝ። አልፈረድኩበትም።

አባባ ግን ሰው ወደ ታች ሲመለስ አላዩም፤ ከኮረብታው ሳይወርዱ ነው የሞቱት። ከመሞታቸው በፊት ባለው ክረምት፣ ማለትም ቤቱ በፈረሰ በዓመቱ፣ እናቴና እኔ እንደ ልማዳችን መጣን። ዳገቱ እናቴን አድክሟት ከኋላ ቀረች፤ እኔ ስኳሩን ይዤ ቀድሜ ሮጥኩ። መደዳው ሁሉ አንድ ዓይነት ስለነበር ቤቱን ያወቅሁት በበሩ ነው። ተዘግቶ ነበር። በቀን ተዘግቶ አይቼው ስለማላውቅ ሰው የሌለ መስሎኝ በእጄ መታሁት።

«ማነው?» አሉ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ አባባ።»

በሩ ጠበብ ብሎ ተከፈተ። ዓይናቸው ደህና ነው፤ ፊት ለፊት አይተውኛል፤ ማን እንደሆንኩ አውቀዋል፤ ስሜንም ጠሩ። ግን በሩን በአንድ እጃቸው እንደያዙ፣ ከእኔ አልፈው መንገዱን ግራና ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምን ጉዳይ ይዘሽ መጣሽ?» አሉኝ።

ስኳሩን ዘረጋሁላቸው፤ እሱም ጉዳይ እንዳልሆነ ያን ጊዜም ገብቶኛል። ጉዳይ አልነበረኝም። ክረምት ገብቶ ነበር፤ አያቴ ጋ ነው የመጣሁት።