የጀልባ ሞተሬን ዝገት ሳጥብ

ባልንጀራዬን ጉልበቱ ሲከዳው ልጁ መጥቶ ወደ ገረሴ ወሰደው። ደጋ ነው፣ ወባም የለም፣ ይሻልሃል ተባለ። ከእሱ ጋር ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ ስናሰግር ነው ያረጀነው፤ እኔ ከኋላ ሞተሩን እይዛለሁ፣ እሱ ከፊት ተቀምጦ ጉማሬ እንዳይመጣብን ይጠብቃል። እሱ ከሄደ ወዲህ ሞተሩ ጓዳ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። እኔም ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ቤቴ ውስጥ እንዲሁ ተቀመጥኩ። ሚስቴ ካረፈች ቆይታለች፤ ልጆቹም በየሥራቸው ናቸው። የገዛ ድምፄን ሳልሰማ የምውልበት ቀን አለ።

ከፋሲካ በኋላ ደወለልኝ።

«ያ ሞተር አለ?»

«አለ።»

«ይነሳል?»

«እንጃ፣ ከሄድክ ወዲህ ነክቼው አላውቅም።»

«እንግዲያ ሞክረው። ከተነሳ እወርዳለሁ። አንድ ቀን ሐይቁ ላይ ውለን እመለሳለሁ።»

ይችን ቃል ይዤ አደርኩ። ሲነጋ ሞተሩን እየጎተትኩ ግቢ አወጣሁት። የቤንዚን መያዣውን፣ ሰልባቲዮ የምንለውን፣ ፈትቼ ክዳኑን ስከፍተው የከረመ ቤንዚን ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ወደ ፀሐይ አዘንብዬ ባየው ውስጡ ቀይ ዝገት ለብሷል። እንዲህ እንዳለ ሞተሩ ቢነሳ እንኳ ዝገቱ ወርዶ ካርቡራተሩን ይደፍነዋል።

የዚህ መድኃኒቱ ጠጠር ነው። ደቃቅ ጠጠር ታጥቦ ይገባል፣ ጥቂት ቤንዚን ይጨመርበታል፣ ከዚያ መነቅነቅ ነው። ድሮ የሁለት ሰው ሥራ ነበር። የአንዱ ክንድ ሲዝል ለሌላው ያቀብላል፤ ያረፈው ደግሞ ይሳደባል። «እንደ አራስ ልጅ አትያዘው!» ይለኝ ነበር ባልንጀራዬ። አሁን ሲደክመኝ መሬት ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ የሚቀበለኝ የለም።

ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «አባባ፣ ደግሞ ጠጠር መቁላት ጀመሩ?» አለችኝ።

«እንግዳ ይመጣብኛል» አልኳት።

«ጠጠር የሚበላ እንግዳ?» ብላ እየሳቀች ገባች።

ከሰዓት ለባልንጀራዬ ደወልኩና ቤንዚኑ እየቀላ መውጣቱን አልተው እንዳለ ነገርኩት።

«በኃይል እንዳትነቀንቀው» አለኝ። «ቆርቆሮው ሳስቷል። ቀዳዳውን የደፈነው ዝገቱ ራሱ ነው። ወንፊት ታደርገዋለህ።»

«ታዲያ መጥተህ ያዘዋ!»

«እመጣለሁ አልኩህ እኮ፣ አንተ ሽማግሌ!»

ቀስ እያልኩ ሰነበትኩ። የሚወጣውን በነጠላ ቁራጭ እያጠለልኩ መልሼ እጨምራለሁ። በመጨረሻ ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሰልባቲዮውን ከነቤንዚኑ ካርቶን ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁ፤ ካርቶኑ አልረጠበም። አላፈሰሰም ማለት ነው። ደስ ሲለኝ የምነግረው ሰው ፈልጌ ዙሪያዬን አየሁ።

በማግስቱ ሰልባቲዮውን መልሼ ገጥሜ ሞተሩን ውሃ በሞላ በርሜል ጠርዝ ላይ አሰርኩት፤ እግሩ ውሃ ውስጥ ገባ። ከአንድ ባጃጅ ነጂ ለምኜ ያገኘሁትን ጥቂት ቤንዚን ከዘይት ጋር ቀላቅዬ ጨመርኩበት። ገመዱን ሳብኩ፤ ዝም። አረፍ ብዬ ደግሞ ሳብኩ፤ አስነጠሰ። ከዚያ ተነሳ። ግቢው በጭስ ተሞላ፣ ዶሮዎቹ ተበተኑ።

እዚያው ቆሜ ደወልኩለት። ስልኩን ሞተሩ ላይ አስጠግቼ አሰማሁትና ወደ ጆሮዬ መለስኩት።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ። እሱ ነው፣ ራሱ ነው።»

«ታዲያ መቼ ትወርዳለህ?»



«እኔ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሰው ደግፎኝ ነው የምሄደው» አለኝ። «ሞተሩ የሚነሳ አልመሰለኝም ነበር።»

ሞተሩን ላጠፋው እጄን ዘረጋሁ። እሱም ይህን አውቆ ይመስለኛል፣ «አታጥፋው፣ ትንሽ ልስማው» አለ።

ስልኩን ወደ ሞተሩ ዘርግቼ ቆምኩ። ክንዴ ሲዝል በሌላው እጄ ያዝኩት። ቤንዚኑ ትንሽ ስለነበር ብዙ አልቆየም፤ ተንተፋተፈና ቆመ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ሳደርገው መስመሩ ተቋርጧል። መቼ እንደተቋረጠ አላውቅም።

ሰልባቲዮ ባዶውን ከተቀመጠ ቶሎ ይዝጋል። ሰልባቲዮውን ፈታሁት፣ ዘይት ጠብ አደረግሁበት፣ ዘይቱ ጥጋጥጉን ሁሉ እንዲነካው ጭኔ ላይ አድርጌ እያገላበጥኩት ብዙ ቆየሁ።