ለአንድ ሰው የተሠራ ውሎ አበል

ከአምቦ በወጣሁበት ምሽት ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ ወንድሜ ገመቹ ከወንጪ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደረሰ። ሐይቁን ለማየት ለሚመጡ እንግዶች ፈረስ ያከራያል። ሁለት ነበሩት፤ አንዱን ሸጦ ብሩን እጄ ላይ አደረገልኝ። «ካነሰሽ ሁለተኛውም አለ» አለኝ እየሳቀ። እኔ ግን በልቤ ማልኩ፤ ያ ፈረስ በእኔ ምክንያት ገበያ አይወጣም! ልጆቹን የሚያሳድግበት እሱ ብቻ ነው የቀረው።

በጀት እንደሆነ ለእኔ ብርቅ አይደለም። መሥሪያ ቤት እያለሁ ወደ ጌዶም ወደ ሸነንም ለሚወጣው ሁሉ ውሎ አበል የምሠራው እኔ ነበርኩ። ባሌ ወዳለበት ውጭ አገር ለመሄድ ቪዛው የሚጠየቀው ካምፓላ ነው ሲሉኝ፣ ለራሴም ሠራሁ፦ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ አልጋ፣ ትራንስፖርት። እናንተ ለመውጣት የምትሰናዱ፣ እንደ እኔ በደንብ የሠራ የለም!

ካምፓላ ገብቼ ብሩን ወደ ሽልንግ ስመነዝር ሚሊየነር ሆንኩ። ዳቦው በሺህ፣ ሳሙናው በሺህ። ዝናቡ እንደ አምቦ ክረምት ይወርዳል፣ ብርዱ ግን የለም፤ ጋቢዬን ምን ላድርገው? ማቶኬ የሚሉት ምግባቸው ሙዝ ሆኖ ድንች ድንች ይላል። ሁሉን ካልቀመስኩ፣ ሁሉን ካልጠየቅኩ አልኩ።

ቤት አከራዬ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። በእንግሊዝኛ፣ በእጃችንም እያገዝን ተደራደርን።

«መቼ ትወጫለሽ?»

«ኤምባሲው ሲጠራኝ።»

«ኤምባሲ?» ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያው የስድስት ወር ክፈይ።»

«ኧረ አባባ፣ በሁለት ወር ያልቃል ተብያለሁ!»

«ከአንቺ በፊት የነበረችውም እንዲሁ ብላኝ ነበር። እዚሁ ወልዳ ነው የሄደችው።»

በስንት ልመና በሦስት ወር ተስማማን።

በጀቴን ያናጋው ግን ኪራዩ አልነበረም፤ የገዛ አፌ ነው። በረንዳ ላይ እራቴን ስበላ የጎን ጎረቤቴ ናካቶ አለፈች። «ነይ፣ እንብላ» አልኳት። እኛ ዘንድ ይሄ ሰላምታ ማለት አይደል? አላፊው «ብሉ፣ ይባረክላችሁ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ናካቶ እጇን ታጥባ ተቀመጠች። ደስ ብሏት እየበላች ስለ አገሬ ጠየቀችኝ፣ እኔም ስለ አገሯ። በማግስቱ ስታልፍ ዝም ልበል ብዬ ነበር፤ ሰው ቆሞ እያየ ዝም ብሎ መጉረስ ግን ከየት ይምጣ? ያንኑ «እንብላ» አልኳት። እህቷን ጠርታ መጣች። ለካ ውሎ አበሌን የሠራሁት ለአንድ ሰው ነው!

ወራቱ ሲገፉ ኤምባሲው «ጠብቂ» ይለኛል፤ እኔ ምሳ መዝለል ጀመርኩ። አንድ ቀን ናካቶ ባቄላና ማቶኬ በሰሃን ይዛ በሬ ላይ ቆመች።

«ብዪ።»

«አይ፣ ጠግቤያለሁ» አልኳት፣ «በሞቴ» ብላ እንድትለምነኝ እየጠበቅኩ።

«ኦኬ» ብላ ሰሃኑን ይዛ ተመለሰች። ወይ ጉድ! ተከትያት ሄድኩ።

«ለምን ደግመሽ አልለመንሽኝም?»

«ጠግቤያለሁ አላልሽም? ውሸትሽን ነው እንዴ?»

እኛ አገር የመጀመሪያው እምቢታ ለወጉ ነው ብዬ ሳስረዳት ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሰሃኑንም መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ ሲሰጡኝ ወዲያው እቀበላለሁ።

እሁድ ገመቹ በኢሞ ደወለ።

«አካም ጅርታ፣ ሌንሳ? ጉዳይሽስ?»

«ፈያዳ፣ ደህና ነኝ። ጠብቂ ብለውኛል።»

«ብር አለሽ? ልላክልሽ?»

የከፈልኩት ሦስት ወር አልቆ የቤት ኪራዩ ደርሷል፤ እጄ ላይ ግን ግማሹም የለም።

«ሞልቶኛል፤ እንዳትልክ» አልኩት።

ገመቹን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እምቢ ያለውን ሰው እየማለ በግድ የሚያጎርስ ነው። እንዲለምነኝም ፈለግኩ፣ እንዳይለምነኝም ፈለግኩ።

«እሺ በቃ» አለኝ።

እንዲህ ቶሎ እሺ ብሎኝ አያውቅም። የሚሰጠው ነገር ቢኖረው ኖሮ ይለምነኝ ነበር። «ሁለተኛው ፈረስስ አለ?» ልለው አፌን ከፈትኩና መልሱን ፈራሁ።

«ዝናቡ እንዴት ነው?» አልኩት።

«እየዘነበ ነው» አለኝ።