በወንጭፍ የተሻገረ መድኃኒት

ወልድያ፣ ማለዳ

ከወልድያ የተነሳሁት ዘሃራ ደውላ «ሃያት ሙቀቱን አልቻለችም፤ እስኪበርድ አንቺ ዘንድ እንክረም» ስላለችኝ ነው። ዘሃራ እዚሁ ወልድያ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ናት። ካገባች ወዲህ ከመርሳ በታች፣ ሀብሩ ቆላ ውስጥ ትኖራለች። ሃያት ሁለት ዓመት የሞላት ልጇ ናት። ሁለቱንም ይዤ ልመለስ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

መስከረም እያለቀ ነበር። ሲሪንቃ ላይ የመንገዱ ዳር ማሽላ ከእግሩ ጀምሮ ተለብልቧል። አጠገቤ የተቀመጡ እናት በመስኮት እያዩ «ዘንድሮ ክረምቱ ሳይሰናበት ነው የሄደ» አሉ።

ከመርሳ ወደ ቆላው

መርሳ ላይ ሙዝና ፓፓያ ገዛሁ፤ የታሸገ ውሃም በፌስታል አንጠልጥዬ ባጃጅ ያዝኩ። ከአስፋልቱ ወርደን ጥቂት እንደሄድን አየሩ ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ወላፈን ፊቴን መታኝ። ባጃጁ ከጤና ኬላው በታች፣ ወንዙ ዳር አወረደኝ። ሰፊው ወንዝ ጠብታ የለበትም። ጫማዬን ሳላወልቅ በአሸዋው ላይ ተሻገርኩ።

ሃያት እናቷ እግር ላይ ተዘርግታ አገኘኋት። ከንፈሯ ደርቋል፤ ዓይኗ ጎድጉዷል። የጉድጓዱ ውሃ ስለነጠፈ ሰፈርተኛው የሚጠጣው ከአሸዋ ቆፍሮ የሚቀዳውን ነው፤ ሃያትንም ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጣታል። ሳቅፋት አለቀሰች፤ እንባ ግን አልነበራትም።

«ወደ ጤና ኬላው፣ አሁኑኑ!» አልኩ። አባቷ ሰይድ ታቅፏት ፊት ፊት ወጣ።

ወንዙ አፋፍ ስንደርስ ቆመና «ስሙ!» አለን።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። እኔ የከባድ መኪና ድምፅ መሰለኝ። ወዲያው ከላይኛው መታጠፊያ ድፍርስ የውሃ ግድግዳ ግንድ እያንከባለለ ብቅ አለ፤ የተሻገርኩበትን አሸዋ ዓይኔ እያየ ዋጠው። ደጋው ላይ ዘንቦ ነው። ዓይኔን ከላዩ መንቀል አልቻልኩም። እንዲህ ያለ ኃይል አይቼ አላውቅም።

«ያ አላህ! በውሃ ጥም ስንቃጠል ከርመን አሁን ውሃ?» አለች ዘሃራ።

ሰይድ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደወለ። ማዶ ወጥታ እጇን አወዛወዘችልን። «የተቅማጥ መድኃኒት፣ ኦአርኤስ አለኝ፤ በምን ላሻግርላችሁ?» አለች በስልኩ።

አጠገቧ ማሽላ ከወፍ የሚጠብቁ ሽማግሌ፣ ጋሽ ይማም፣ ቆመው ነበር። ወንጭፋቸውን አሳዩዋት። መድኃኒቱን ከጠጠር ጋር በፌስታል ሁለት ቦታ ቋጥራ ሰጠቻቸው።

የመጀመሪያው ጎርፉ መሃል ገባ። ዘሃራ ፊቷን ሸፈነች። ሁለተኛውን ሲያነሱ «ቢስሚላህ» ማለታቸው በስልኩ ተሰማን። ወንጭፉ ዞረ፣ አፏጨ፤ ትንሿ ቋጠሮ በዚያ ሁሉ ግሣት ላይ እንደ ወፍ በርራ ከኋላችን ቁጥቋጦ ውስጥ ወደቀች።

ሰይድ ከቤት ኩባያና ማንኪያ አመጣ። በያዝኩት የታሸገ ውሃ በጠበጥነው። «በማንኪያ፣ ቀስ እያላችሁ። ካስመለሳት ትንሽ ቆይታችሁ ድገሙላት» ትለናለች ሴትዮዋ ከማዶ። አስመለሳት። ደገምንላት። «አብሽሪ» ይላታል ሰይድ ሚስቱን፣ ኩባያውን እንደያዘ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሃያት ማንኪያውን ጨብጣ አልሰጥም አለች። ዘሃራ ስትቀበላት ልጅቷ አለቀሰች፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ።

«አልቅሺ የኔ እናት፣ አልቅሺ!» አለች ዘሃራ፣ እየሳቀች።

መልስ

ጎርፉ አድሮ ጎደለ። ተሻግረን ልጅቷ ጤና ኬላው ከታየች በኋላ «ጋሽ ይማም፣ እንዴት አድርገው ወረወሩት?» አልኳቸው።

«እንጃ ልጄ። ዕድሜዬን ወፍ ሳባርርበት ነው የኖርኩ። ለሰው ነፍስ ሲሆን እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር» አሉኝ።

ሰይድ ማሽላውን ጥሎ መምጣት አልቻለም። እኛ ከሰዓት በኋላ ወልድያ ገባን። ስለ አየር ንብረት ለውጥ በሬዲዮ ሲወራ ሩቅ አገር ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር። ድርቅና ጎርፍ በአንድ ቀን በአንዲት ሕፃን ላይ ሲረባረቡ ማየት ግን ሌላ ነው። የሰው ልጅ በመሃላቸው ቆሞ ምን ማድረግ እንደሚችል ማየትም እንዲሁ።

ማታ እራት ላይ ቆርቆሮው ተንጣጣ፤ ዝናብ ነው። እኔ ደስ ብሎኝ መስኮቱን ከፈትኩ። ዘሃራ ጉርሻዋን ሰሃኑ ላይ መልሳ ስልኳን አነሳች።

«ሰይድ፣ ደጋው እየዘነበ ነው። ወንዙ ደረቅ ቢሆንም እንዳትገባበት።»