አባቴን የጻፍኩበት ገጽ

ልጅ እያለሁ ጅብ አልፈራም፣ ጨለማም አልፈራም ነበር፤ አንድ ክረምት ግን ፋይል ፈራሁ። የመዝገብ ቤቱን ሳይሆን የኮምፒውተሩን። የዛሬ ልጆች ይሳቁብኝ፤ የኔ ዘመን የሆሳዕና ከተማ ልጆች ግን ኮምፒውተር ያለበት ክፍል ጫማችንን አውልቀን እንገባ እንደነበር ስለምታስታውሱ አትስቁብኝም።

ከስምንተኛ ወደ ዘጠነኛ ክፍል ያለፍኩበት ክረምት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ አራት ኮምፒውተሮች መጥተው፣ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣ አንድ ወጣት ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ያስተምረን ጀመር። ቲቸር ነበር የምንለው። ክፍሉ የጋለ ፕላስቲክና የረጠበ ካልሲ ይሸታል። ስክሪን በጣት መንካት ክልክል ነው። ለአንድ ኮምፒውተር ስድስት ልጅ ስለምንደርስ መጀመሪያ ደብተራችን ላይ እንጽፍና ተራችን ሲደርስ እንገለብጣለን።

የሚያስተምረን ኤችቲኤምኤል የሚባል የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋ ነበር። ይህ ርዕስ ይሁን፣ ይህ መሀል ላይ ይቀመጥ፣ ይህ ይድመቅ ብለን ለኮምፒውተሩ በምልክት እንነግረዋለን። ምልክት ከፍተን፣ ጽሑፋችንን አስገብተን፣ ምልክቱን እንዘጋለን። "የከፈታችሁትን ሳትዘጉ ከወንበር እንዳትነሱ!" ይል ነበር ቲቸር። ያ ሁሉ ምልክት ጠፍቶ ንጹሕ ገጽ ሲወጣ ስናይ ጉድ እንል ነበር።

አንድ ዓርብ ትልቅ ርዕስ፣ ከሥሩ መስመር፣ ከመስመሩ በታች አንቀጽ ያለው ገጽ ሥሩ አለን። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የት ነው ያየሁት ብዬ ሳስብ ትዝ ያለኝ ቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ነበር። የት ተወለደ፣ የት ሠራ፣ የስንት ልጆች አባት ነበር የሚለውን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተን በቃላችን እናውቀዋለን። ታሪኩን አሟልቼ የማውቀው ሰው ደግሞ አባቴ ብቻ ነበር። ያኔ ኮምፒውተሩ አማርኛ ስለማይጽፍልን በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀምኩ ጻፍኩት። "የአቶ ሀንዲሶ አጭር የሕይወት ታሪክ። በሀቢቾ ተወለዱ። በሆመቾ በጤና ረዳትነት አገለገሉ። የሦስት ልጆች አባት ነበሩ።" ሁልጊዜ እንዲያ ስለሚባል እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ቲቸር ከሩቅ ርዕሱንና መስመሩን አይቶ ጎበዝ አለኝ፤ ሴቭ አድርጌ ለሚቀጥለው ልጅ ለቀቅኩ።

አባቴ የሚሠራው ሆመቾ ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ ነው ቤት የሚመጣው። በዚያ ቅዳሜ አልመጣም። ከሰዓት በኋላ እናቴ መናኸሪያ ሄጄ እንዳይ ላከችኝ። ከዝናብ ተጠልሎ የቆመ አንድ የመኪና ረዳት ስጠይቀው፣ "ከሆመቾ? ወንዙ ሞልቷል እኮ! ጠዋት አንድ ሰው ወስዷል ይላሉ" አለና ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞረ።

ገጹ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ዓርብ ዕለት በጤናው እያለ "ነበሩ" ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አባቴን ገደልኩት አልኩ። እየሮጥኩ ወደ ቤት ስመለስ ስለ ወንዙም ስለ ገጹም ለእናቴ ለመናገር አፌ አልተከፈተም። መኪና የለም ብቻ አልኳት።

እሁድ ሰው ሁሉ ሲዘምር እኔ የኮምፒውተሩን ክፍል መስኮት ስመለከት ዋልኩ። ያ ፋይል ከአቧራ መከላከያው ጨርቅ ሥር ሆኖ አባቴ እንደሞተ ይናገራል። ባጠፋው አባቴ የሚመጣ መሰለኝ። ዘበኛውን ክፍሉን እንዲከፍቱልኝ ለመንኳቸው። "ቁልፉ ቲቸር ጋ ነው። ምን ረሳሽ?" አሉኝ። ደብተር ብዬ ዋሸሁ። ከዚያ የዋሸሁት ደግሞ ሌላ ቅጣት እንዳያመጣብኝ ፈራሁ።

ሰኞ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። መብራት አልነበረም። ቲቸር ረቡዕ ኑ ብሎ ሲያሰናብተን በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ፋይሌን ላጠፋው ነበር የመጣሁት።"

"ታዲያ ለዚህ ይለቀሳል? አይዞሽ፣ የትም አይሄድብሽም።"

እኔን የገደለኝ እሱው ነበር፣ የትም አለመሄዱ።

አባቴ በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ደረሰ። ምጥ የጠናባት ሴት አምሽታበት፣ ከዚያም ወንዙ እስኪጎድል ጠብቆ ነው። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አልለቅም ስለው እናቴ "ይቺ ልጅ ምን ነካት?" አለች። ከቤቱ ጀርባ እግሩን ሲታጠብ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ቀና ብሎ "እስቲ አሳዪኝ" አለ።

ረቡዕ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ገጹን ከፈትኩለት። ጎንበስ ብሎ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የራሱን ሞት አነበበ። ልሰርዘው ስል ጣቱን ስክሪኑ ላይ፣ "የሦስት ልጆች" የሚለው ላይ አሳረፈ። ቲቸርም አይቶ አልከለከለውም።

"አራት ናቸው" አለኝ ቀስ ብሎ። "ከአንቺ በፊት ወንድ ልጅ ነበረን። ሀቢቾ እያለን። ዓመት አልሞላውም። እናትሽን እንዳትጠይቂያት።"

እኔ እስከዚያ ቀን የመጀመሪያ ልጃቸው መሆኔን ነበር የማውቀው። "አስተካክዪው" አለኝ። ሦስትን አጥፍቼ አራት ብዬ ጻፍኩ። ጎንበስ ብሎ እንደገና አነበበው። ከዚያ "በቃ፣ አሁን አጥፊው" ብሎኝ ጫማውን ሊያደርግ ወጣ።

ዛሬ እንጀራዬ ይኸው ሆኗል፤ ለሰው ገጽ እሠራለሁ። የተሳሳተ ነገር ብጽፍ ከኪሴ ስልክ አውጥቼ አስተካክላለሁ፤ ቁልፍ የያዘ ሰው መጠበቅ፣ መብራት መጠበቅ ቀርቷል። ያን የመሰለ ፍርሃትም ቀርቷል ብዬ ነበር። እናቴ ቅጽ ሲሞላላት የልጆች ብዛት ሲባል እስካሁን ሦስት ትላለች፤ እኔም ዝም ብዬ ሦስት እጽፋለሁ። አባቴ ዘንድሮ መርሳት ጀምሯል። አንዳንዴ ስሜ ይጠፋዋል። የዚያን ልጅ ስም አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም፤ አጠገቡ በተቀመጥኩ ቁጥር ልጠይቀው እልና እሱም ባያስታውሰውስ ብዬ እፈራለሁ።