ዚፑ የማይዘጋው የበዓል ቀሚስ

ፋሲካና ኢድ በአንድ ሳምንት የዋሉበት ዓመት ነበር። ወልድያ ላይ የልጆች ልብስ ለምሸጥ ሰው ከዚህ የተሻለ ሰሞን አይመጣም። ሱቄ ከጠዋት ጀምሮ በሰው ይሞላል። እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ይገባሉ፤ ልጆቹ ያማርጣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ በመጨረሻም የፈለጉትን ይዘው ይወጣሉ። ደስ ይለኛል። ደስ እያለኝም አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። አንዲት እናት የልጇን ፊት አይታ ዓይኗን ወደ ቦርሳዋ ስታወርድ አያለሁ፤ አይቼም "ይሄኛው ደግሞ አዲስ የገባ ነው" እላለሁ። እንጀራዬ ነው።

የቀዳም ሹር ዕለት አንድ ሽማግሌ ገቡ። ነጭ ቆብ አድርገዋል፤ ሽርጣቸው ታጥቦ የተተኮሰ ነው። ሰው እስኪቀል በር ላይ ቆመው ጠበቁ።

"ለልጄ ቀሚስ ፈልጌ ነው" አሉኝ። "የመጨረሻዋ ናት፤ አሥር ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ረመዳንን አንድም ቀን ሳትፈታ ይዛዋለች፤ እስከ ኢድ ትጨርሰዋለች። ከሲሪንቃ ድረስ የመጣሁት ለሷ ብዬ ነው። የሚበረክት ስጪኝ።"

የሚበረክት ነበረኝ። ሰማያዊ፣ አበባ ያለበት የጥጥ ቀሚስ። እጄ ግን ከፍ ብሎ የተሰቀለውን ሮዝ አብረቅራቂ አወረደ። ከአንድ ቀን በፊት አንዲት ደንበኛ የመለሰችው ነበር። የጀርባው ዚፕ እስከ ላይ ይሄዳል፤ የለበሰችው ልጅ ጎንበስ ስትል ግን ከመሐል ይከፈታል። ልብስ ሰፊ ጋ ልወስደው አስቤ በግርግሩ መልሼ ሰቅዬው ነበር።

ሽማግሌው በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። "ይበረክታል?"

"አዎ አባባ፤ ምን ይሆናል ብለው ነው!"

በስጦታ ወረቀት ጠቅልዬ፣ ሪባን አስሬ ሰጠኋቸው። እንደ እንቁላል በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ።

በማግስቱ ፋሲካ ነበር። ልጄ ሦስት አዲስ ልብስ ነበራት። እስከ ምሳ ሦስቱንም ቀያየረችና የጎረቤት ልጅ የለበሰችውን አይታ አለቀሰች። ቤቱ ላስቲክና ካርቶን በካርቶን ሆነ። እንግዳ ተቀምጦ እኔ እነሳለሁ፤ አጥፋለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ እንደገና እነሳለሁ።

"ምን ሆነሽ ነው ቁጭ የማትዪው?" አለኝ ባለቤቴ።

ነገርኩት። "ዚፕ ነው እኮ! ያሰፉታል" አለ። እውነቱን ነው። እኔን ያላስቀመጠኝ ግን ዚፑ ብቻ አልነበረም፤ "አዎ" ለማለት ምንም አለመቸገሬ ነበር።

ሐሙስ፣ ጨረቃ ከታየች ነገ ኢድ ነው በተባለበት ቀን፣ ሱቄን በቀትር ዘጋሁ። ገበያው ገና እየጦፈ ነው፤ ጎረቤቶቼ አብዳለች ሳይሉኝ አልቀሩም። መርሳ ላለችው እናቴ የገዛሁላትን ወፍራም ብርድ ልብስና ሰማያዊውን ቀሚስ ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሲሪንቃ ላይ "ወራጅ አለ!" ስል ድምፄ ለራሴም ጮኸብኝ።

የሰውየውን ስም አላውቅም። መንገድ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ጋ ቀርቤ፣ "ትንሿ ልጃቸው ረመዳንን የጾመችላቸው ሽማግሌ ቤት የት ነው?" አልኳት።

ሳቀች። "አባቷ ያልነገሩት መንገደኛ አለ? ያንን ቦይ ተሻገሪ፤ ማንጎው ያለበት ግቢ ነው።"

ማንጎው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወዲያው አወቁኝ። "ባለሱቋ! ምነው፣ በደህና?" ልጅቷ ከቤት ብቅ አለች፤ ቀጭን፣ ከንፈሯ በጾም የደረቀ። በሷ ፊት ምን እላለሁ? አባቷ ያመጡላት ስጦታ ብልሹ ነው ልበል? "አባባ፣ ለብቻዎ ላነጋግርዎት" አልኩ። ልጅቷን ለእንግዳዋ ውሃ እንድታመጣ ላኳት።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ቀሚሱ ተመልሶ የመጣ መሆኑን፣ ዚፑን እያወቅሁ መስጠቴን። የያዙትን በትር መሬት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረጉ።

"ቤት እንደገባ ነው የተከፈተው" አሉ። "እናቷ አየችው። ጥፋቱን በኔ አደረገችው፤ ከተማ ወርደህ ተታልለህ መጣህ አለችኝ። እኔ ግን፣ ያቺ ባለሱቅ አታታልልም፣ ሳታየው ነው አልኳት። አሁን አንቺው መጥተሽ አይቼው ነው ትዪኛለሽ።"

"ይቅር ይበሉኝ።"

"ጾመኛ ነኝ፤ ዛሬ አታስቆጪኝ" አሉና ፊታቸውን ወደ ማሳው አዞሩ።

ባለቤታቸው ከጓሮ መጡ፤ ነገሩን ሰምተው ኖሯል። እሳቸው አልተቆጡም፤ ለመቆጣት ጊዜ የላቸውም። "እኔ መላ አበጅቼለታለሁ" አሉኝ። "ጠዋት ከለበሰች በኋላ ከኋላዋ በክር እሰፋዋለሁ። ሶላት ላይ ጎንበስ ስትል አይከፈትባትም። ሲመሽ እፈታላታለሁ።"

ልጅቷ ውሃውን ይዛ ስትመለስ ሰማያዊውን ቀሚስ አወጣሁ። "ይሄ ምርቃት ነው" አልኳት፤ ገበያ ላይ ለጥሩ ደንበኛ የምንጨምረውን እንደምንል። ዳሰሰችው። "ያምራል። ለትምህርት ቤት አደርገዋለሁ" አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "ያኛውን ግን አይወስዱብኝም አይደል?"

"አልወስድብሽም፤ ያንቺ ነው" አልኳት። ልጅቷ የምትወደውን አውቄ ነበር፤ በዚያ አልተሳሳትኩም። ይሄ ደግሞ አላጽናናኝም።

ሽማግሌው ሰማያዊውን ቀሚስ በነፃ አልቀበልም አሉ። ብለምን፣ ብምል፣ እምቢ። በኋላ ተነሥተው አንዲት ቀይ ዶሮ እግሯን አስረው አመጡ። "የናንተም በዓል ገና አላለፈም። ከነነፍሷ ናት፤ በራሳችሁ እጅ እረዷት" አሉኝ። ቁጣቸው ከፊታቸው አልጠፋም፤ ዶሮዋን ግን ሰጡኝ። ተቀበልኩ።

ሲሪንቃ ላይ ስወርድ ብርድ ልብሱን ሚኒባሱ ውስጥ እንደረሳሁት የገባኝ በሌላ መኪና መርሳ ስደርስ ነው። እናቴ በር ላይ ዶሮ ታቅፌ አየችኝ። ታሪኩን ሁሉ ስነግራት "ጎሽ! መሄድሽ ደግ ነው" አለች። ልቤ ትንሽ አረፈ። ጥቂት ቆይታ ግን፣ "ብርድ ልብሱን እኮ ለጎረቤቶቼ ሁሉ ነግሬያቸው ነበር" አለች። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለደችም። እኔን ማየት ይበቃታል ብዬ ማሰቤ ለራሴ ይመቸኝ ስለነበር ነው። ብርድ ልብሱንም ትፈልገዋለች፤ ሌሊት የሚበርዳት እሷን ነው። መናኸሪያ ሄጄ ጠየቅሁ፤ አልተገኘም። በማግስቱ ጠዋት መርሳ ገበያ ወርጄ ሌላ ገዛሁላት። ቀጠን ያለ ነበር፤ ደጋግማ ዳሰሰችው።

በኢዱ ከሰዓት በኋላ ወደ ወልድያ ስመለስ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። ሲሪንቃ ስንደርስ መንገዱ ዳር ልጆች ፈስሰዋል። አዲስ የለበሱ፣ የሚሯሯጡ፣ ከረሜላ የሚካፈሉ። አንገቴን አስግጌ ሮዝ ቀሚስ ፈለግሁ። ሦስት አየሁ፣ ከዚያም አራት። ሁሉም ከወገብ በላይ በሻሽ ተሸፍነዋል፤ ጀርባ የሚታይ የለም። ሹፌሩ ልጆቹን እያየ ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው፤ ቢሆንም አለፍናቸው።

ለመውረድ እንደተዘጋጀ ሰው ተቁነጠነጥኩ። አንዷን ለይቼ ባየኋት ምን እንደምሆን አላውቅም። ዓይኔ ግን ከመንገዱ አልተነሣም፤ ትንሽ ቆይቼ ምን እያየሁ እንደሆነ ገባኝ። አብዛኞቹ ሴቶች ልጆች ሐምራዊ ለብሰዋል። የኔ ሱቅ ውስጥ ሐምራዊ የለም። ለአዲስ ዓመት ከአዲስ አበባ ሐምራዊ ማዘዝ አለብኝ እያልኩ ነበር።